ፍርሃትን ለደስታ ስለ ማንበብ

ሰው በኑሮው የሚሸሸውን ፍርሃት በመጽሐፍ ውስጥ ገንዘብ ከፍሎ መሻቱ ስለ ምን ይሆን? ማሞ ውድነህ ወደ አማርኛ የመለሷቸው የስለላ ታሪኮችም፥ በ2001 ዓ.ም. የታተመው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ም ብዙ አንባቢን እንቅልፍ ነሥተዋል። እኔም በሶዶ፥ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፥ መብራት ጠፍቶ በሻማ ያነበብሁበት ሌሊት አለ። የ«ዴርቶጋዳ» ሤራ ከልክ በላይ መወሳሰቡን ሳልነቅፍ አላልፍም፤ ቢሆንም በዚህ ፍርሃት የሚጎዳ ሰው የለም፤ መጽሐፉ ሲከደን ሰላዩም አብሮ ይከደናል።

የቡዳ ተረት ግን እንዲህ አይደለም። ብራም ስቶከር በ1897 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ድራኩላ» ደም መጣጩ በሩቅ ተራራ ግንብ የሚኖር ባለማዕረግ ነውና፥ የለንደን አንባቢ ዳቦ ጋጋሪውን አይጠረጥርም። በአገራችን በብዙ ስፍራ ግን ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚባለው ቀጥቃጩ ወይም ሸክላ ሠሪው ነው። በወላይታም ጪናሻ የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች፥ የእጃቸው ሥራ የሆነው ጀበናና ድስት ከየቤቱ ሳይታጣ፥ እነርሱ ግን ለብዙ ዘመን ከጋብቻም ከማዕድም ተለይተው ኖረዋል። እንግዲህ ደራሲ ይህን ተረት ለማስፈራሪያ ሲያነሣ፥ ልጆች አፋቸውን ከፍተው በሚያደምጡበት ክፍል የሸክላ ሠሪ ልጅ ተቀምጣ ይሆናል። እርሷ የምትፈራው ጅቡን አይደለም፤ ነገ በትምህርት ቤት ከአጠገቧ የሚቀመጥ መጥፋቱን ነው።