መልአኩ ሁለት ጊዜ መጣ

ምእመናን ሆይ፤ ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ካወረደ በኋላ ኤልዛቤልን ሸሽቶ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ ሞትንም ለመነ (1ኛ ነገ. 19)። ይህ የደረሰው በታላቁ ነቢይ እንጂ እምነት ባጣ ሰው አይደለም። እግዚአብሔርም አልገሠጸውም፤ በመልአኩ እጅ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። ነቢዩ በልቶና ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ግን ሳይሰለች ዳግመኛ መጥቶ ዳሰሰው፤ መንገዱ ሩቅ ነበርና ሁለተኛ አበላው።

እኛስ? በነቀምት፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ከሐዘንተኛው ጋር ያድራል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያም ከካማሺ የተፈናቀሉ ብዙዎች ወደ ነቀምት መጥተው ተጠግተዋል። ነገር ግን በኅሊናው የታመመ ሰው ደጁን ሲዘጋ የሚያንኳኳ አያገኝም። ድኖ ሕመሙ የተመለሰበት እንደ ሆነማ «እምነቱ ቢጎድል ነው» እንለዋለን። እኛ ካህናትም ጸበሉን አዝዘን መድኃኒቱን ያስጣልንበት ጊዜ አለ፤ በዚህም በድለናል። ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ሲራክ ያስተምራልና (ሲራ. 38) ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም።

አንተም የታመምኸው ወንድማችን፣ አንቺም እኅታችን፤ ድጋፍ መለመን ኀፍረት አይደለም። ጌታችን እንኳ በጌቴሴማኒ ነፍሱ ባዘነች ጊዜ ሦስቱ ደቀ መዛሙርት ከእርሱ ጋር እንዲተጉ ጠይቋል። እነርሱ አንቀላፉ፤ እኛ ግን አናንቀላፋ። የንስሐ አባትም ዕድርተኛም ያንን የተዘጋ ደጅ ያንኳኩ፤ ባይከፈትም ነገ ይመለሱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።