ከመባው በፊት ሚዛኑ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ይህ የዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንት ምኩራብ ይባላል። ጌታችን ወደ ቤተ መቅደስ ገብቶ ሻጮችን ያስወጣበት፣ የገንዘብ ለዋጮችንም ገበታ የገለበጠበት ታሪክ ይታሰብበታል (ዮሐ. 2፥13-17)።

ለዋጮቹ ምን አጠፉ? ከሩቅ የመጣው ሰው ገንዘቡን መመንዘር ነበረበት፤ አገልግሎቱ ያስፈልግ ነበር። ጌታ ግን ሥራቸውን ከዝርፊያ ቆጠረው (ማቴ. 21፥13)። የወንድምን ችግር ገበያ ማድረግ ዝርፊያ ነውና።

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ ነው እንዳንል ቅርባችንን እንመልከት። የመቀሌ ሕዝብ ከሚጠጣው ውኃ ብዙው የሚመጣው ከዓይናለም ጉድጓዶች ነው። ዝናሙን ያዘነበው፣ ውኃውንም ከምድር በታች ያጠራቀመው እግዚአብሔር ነው። ቧንቧው ሲደርቅ ግን ውኃ በቦቴና በጀሪካን ይሸጣል። ናፍጣ የገዛና የደከመ ሰው የድካሙን ዋጋ ቢቀበል ኃጢአት የለበትም። በመክሊቱ ያተረፈውን ታማኝ አገልጋይ ጌታው አመስግኖታል እንጂ አልነቀፈውም (ማቴ. 25፥14-30)። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ዋጋው የጨመረው የሻጩ ድካም ስለ ጨመረ ነው ወይስ የገዢዋ ጥም ስለ ጨመረ?

ከዚህ የባሰም አይተናል። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በትግራይ ባንኮች ተዘግተው ሰው የራሱን ገንዘብ ማውጣት አልቻለም ነበር። የጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ነው ቀስ በቀስ የተከፈቱት። በዚያ መካከል ዘመድ በሌላ ከተማ በአንዱ ሰው ሒሳብ ብር ያስገባል፤ መቀሌ ላይ ጥሬ ገንዘቡ ኮሚሽን እየተቆረጠበት ይሰጣል። ከመቶው ሠላሳና ከዚያም በላይ የተቆረጠባቸው ነበሩ። ያ ብር ለታመመ መድኃኒት፣ ለሕፃን ወተት የተላከ ነበር። በዚያው ዘመን ያለውን ተካፍሎ የበላ፣ ዱቤ ሰጥቶ ያልጠየቀ ነጋዴም አለ፤ እግዚአብሔር አይረሳውም።

ወገኖቼ፤ ዛሬ ድርጅቶች "ማኅበራዊ ኃላፊነት" የሚሉት ነገር አለ። ትምህርት ቤት ያሠራሉ፣ ለተፈናቀለ እህል ይሰጣሉ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይለግሳሉ። መልካም ነው፤ ይበል እንላለን። ነገር ግን የቀን ሠራተኛውን ደመወዝ ይዞ ለመቅደስ ምንጣፍ ቢያመጡ ምን ይጠቅማል? የተከለከለው ደመወዝ ራሱ ወደ ጸባዖት ጆሮ እንደሚጮኽ ሐዋርያው ያዕቆብ አስተምሯል (ያዕ. 5፥4)። ከድኻ ተነጥቆ የሚቀርብ መሥዋዕት ልጅን በአባቱ ፊት እንደ ማረድ መሆኑንም ሲራክ ይናገራል።

ዘኬዎስን ተመልከቱ (ሉቃ. 19፥8)። ሁለት ነገር ነው ያደረገው። ከሀብቱ እኩሌታውን ለድኾች ሰጠ፤ የበደላቸውን ደግሞ አራት እጥፍ መለሰላቸው። በምጽዋቱ በደሉን አልሸፈነም። ለድኻ ሰጥቻለሁና ያታለልሁት ሰው ይቅር አላለም። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን እናደርግና ሁለተኛውን እንረሳለን።

እንግዲህ ማታ ሱቅ ስትዘጉ፣ በቢሮም መዝገብ ስታጥፉ፣ ሦስት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ።

አንደኛ፦ ሚዛኔ ትክክል ነውን? በርበሬው ውስጥ ባዕድ ነገር፣ ለፋሲካ በሚሸጠው ቅቤ ውስጥ ሙዝ የለምን?

ሁለተኛ፦ ሰው በጾሙ የሚፈልገውን ዘይትና ምስር ዋጋው ይውጣ ብዬ ደብቄአለሁን? እህል የሚሸሽግን ሕዝብ እንደሚረግመው ጠቢቡ ነግሮናል (ምሳ. 11፥26)።

ሦስተኛ፦ በእኔ እጅ ያለ የሌላ ሰው ላብ አለን? ካለ ዛሬውኑ ይመለስ። ባለቤቱ ካልተገኘ ንስሐ አባታችሁን አማክራችሁ ለድኻ ስጡት።

ሥጋና ወተት መተው ለብዙዎቻችን ከልጅነት የለመድነው ነው። ያለ አግባብ የተገኘ ትርፍ መተው ግን ይከብዳል። ስለዚህ እርሱንም እንጹመው። ጌታ ዛሬ ወደ ሱቃችን ቢገባ የሚገለብጠው ገበታ እንዳያገኝ አስቀድመን እኛው እናስተካክለው።

እግዚአብሔር አምላክ የእውነት ሚዛን፣ የሚራራ ልብ ያድለን። ጾሙን የበረከት፣ የኃጢአት ማስተሰረያ ያድርግልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።