የሰው ድመት ስትራብ

ሁዳዴ ሲያዝ በምሥራቅ ጎጃሟ ደብረ ወርቅ ልኳንዳው ይዘጋል፤ ቅቤው ተከድኖ ይቀመጣል፤ ምድጃ ላይ የሚጣደው ሽሮና ክክ ይሆናል። ሰው 55ቱን ቀን የሚጾመው አምኖበት፣ ትንሣኤን እያሰበ ነው። ድመት ግን ሳታምንም ሳትጠየቅም ትጾማለች። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና አለ፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ አለ፤ ረቡዕና አርቡ ሲጨመርበት ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ከገበታ ሥር ሥጋም ወተትም የማይወድቅበት ጊዜ ነው። የማርያም ገዳም ባለባት ከተማ ጾም ይላላ የሚል የለም፤ እኔም አልልም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። በዚህ ወቅት ጎድኗ የሚቆጠር፣ ዓይኗ ያዠ፣ የጀርባዋ ጸጉር የረገፈ ድመት ከአጥራችሁ ሥር ቁጭ ብላ ስታያችሁ፣ ድመቷም የእናንተ ሳትሆን የጎረቤት ስትሆን፣ ምን ታደርጋላችሁ?

አንዳንዱ ድንጋይ ያነሳል። ድንጋይ የሚያነሳ ሰው ይህን ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ አያነብምና እሱን ልለፈው። የሚያሳስበኝ ደጉ ሰው ነው። ደጉ ሰው ድመቷን በጓሮ በር ያስገባታል፣ ያበላታል፣ ማታም በሩን ይዘጋባታል። ሳምንት ሳይሞላ አዲስ ስም ያወጣላታል። ከዚያ ውሃ ሊቀዳ ሲወጣም ሆነ ለቅሶ ላይ ሲቀመጥ "እነ እገሌ እኮ ለድመታቸው እንኳ አያዝኑም" ማለት ይጀምራል። ወሬው ዞሮ ባለቤቷ ጆሮ ይደርሳል፤ ባለቤቷም "ድመቴን አስለምደው ወሰዱብኝ" ትላለች። በአንዲት ድመት የተጀመረው ኩርፊያ ወደ ልጆች፣ ወደ አጥር ወሰን፣ ወደ ማኅበሩ ጽዋ ይዛመታል። ድመቷ ጠግባ ይሆናል፤ ሁለት ቤት ግን ሰላምታ አጥቷል። ነገ አይጧን አሳዳ ወደ ቀድሞው ቤቷ ብትመለስ ደግሞ ዱላው የሚያርፈው እሷው ላይ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ አስቀድማችሁ ወደ ባለቤቷ ሂዱ።

መሄድ ብቻ አይበቃም፤ አካሄዱም አለው። ቡና የተፈላ ዕለት፣ ሌላ እንግዳ ሳይኖር ቢሆን ይመረጣል። "ድመትሽ በረሃብ ልትሞት ነው፤ አታበያትም እንዴ?" የተባለ ሰው ራሱን ለመከላከል አፉን ይከፍታል እንጂ ልቡን አይከፍትም። "እማማ፣ ውሯችሁ እኛ ቤት ብቅ ማለት ጀምራለች፤ ዓይኗን አሟታል መሰለኝ፤ ከፈቀዱልኝ ትንሽ እንቁላል ላቅምሳት?" ሲባል ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ድመቷ የእሳቸው መሆኗ ታወቀላቸው፤ ጥፋት አልተቆጠረባቸውም፤ ፈቃድም ተጠየቁ። "ምን ቸገረኝ ልጄ፣ እሷ ለራሷ አታንስም" ብለው ቢስቁ እንኳ ፈቃዱ ተገኝቷል።

እዚያ ቤት ስትገቡ ደግሞ ዓይናችሁ ድመቷን ብቻ አይፈልግ። ልጆቹ ከተማ የገቡበት፣ ብቻውን የቀረ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። ሐዘን የገባበት ቤት ሊሆን ይችላል። ጎተራው የተራቆተ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ቤትም ሊሆን ይችላል። ሰው ችግሩን ከጎረቤት ይደብቃል፤ ነጠላውን አጥቦ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ እንግዳ ሲመጣ የመጨረሻውን ዱቄት ያስጋግራል። ድመት መደበቅ አትችልም። ቤት ውስጥ የጎደለው ነገር አስቀድሞ ጎድኗ ላይ የሚታይበት ጊዜ አለ። ለድመቷ እንቁላል ይዞ የሄደ ሰው ለባለቤቷ እንጀራ ይዞ መመለስ እንዳለበት የሚረዳው እዚያ ነው።

ችግር ሳይኖር በልማድ የሚያስርባት ቤትም አለ። "የጠገበች ድመት አይጥ አትይዝም" ይባላል። አባባሉ ከአባቶች ስለመጣ እውነት ይመስላል እንጂ አይደለም። ድመት አይጥ የምታድነው ስለራባት ብቻ አይደለም፤ ማደን ተፈጥሮዋ ነው፤ ጠግባም ታድናለች። ረሃብ ያደከማት ግን ሌሊቱን ሙሉ አድፍጣ መጠበቅም፣ ዘላ መያዝም ያቅታታል። ከሩቅ ምሥራቅ እስከ ጎጃም ድመት ከሰው ጋር ያስተዋወቃት እህል ነው። 10,000 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በመካከለኛው ምሥራቅ ገበሬ እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፤ አይጡን ተከትላ የዱር ድመት መጣች። የቢቸናና የደብረ ወርቅ ጤፍ ጎተራ ሲገባ የሚሆነውም ይኸው ነው። ለጎተራ ዘብ የሚያቆም ሰው ለዘቡ ቀለብ ይሰፍራል። ይህን ለጎረቤት በጨዋታ መካከል ማንሳት ከስብከት ይሻላል።

"ሰው በተቸገረበት ዘመን ስለ ድመት ታወራለህ?" የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ምሥራቅ ጎጃም የቆየበትን ችግር ያወቀ ሰው አይቀየምበትም። ነገር ግን የምለው የሰውን ድርሻ ለድመት ስጡ አይደለም። አብዛኛው የሚያስፈልጋት ነገር ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንዳንዱም፣ ወደ ታች እንደማነሳው፣ የራሳችንን ልጅ የሚያድን ነው።

የሰው እንስሳ ተቸግሮ ሲታይ ዝም አለማለት እንግዳ ትምህርት አይደለም። ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 23 የጠላት በሬ እንኳ ጠፍቶ ቢገኝ ለባለቤቱ እንዲመለስ፣ ከጭነት በታች የወደቀ አህያውም እንዲታገዝ ያዝዛል። ልብ በሉ፤ በሬውን ውሰድ አይልም፤ መልስ ነው የሚለው። ሞጣም ቢቸናም ያሉ ሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ ድመት አስራ ሳታበላት፣ ሄዳም እንድትበላ ሳትለቃት ስለገደለችና ስለተቀጣች ሴት የሚናገረውን ሐዲስ ያውቁታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2257 እና ከዚያ በሚቀጥሉት፣ ሳይወከል በሌላው ሰው ጉዳይ ገብቶ ለባለጉዳዩ ጥቅም የሚሠራን ሰው ያውቀዋል፤ ግን ባለጉዳዩን ሳያዘገይ እንዲያስታውቅ ይፈልጋል። የዚሁ ሕግ ሌላ ክፍል እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ እንስሳውን ተረክቦ የሚጠብቅ ሰውም ከኃላፊነቱ አያመልጥም። በድብቅ ያስቀራችኋት ድመት የሰው ልጅ ብትቧጭር ጣጣው የማን እንደሚሆን አስቡት።

አገራችን ውስጥ በዚህ መንገድ የሄዱ አሉ። ዶንኪ ሳንክቹዋሪ፣ ብሩክና ስፓና የተባሉት ድርጅቶች ለአህያና ለጋማ ከብት ሲሠሩ አህያውን ከባለቤቱ መንጠቅን ሥራዬ አላሉም። ጀርባው የተላጠ አህያ ሲያገኙ ቁስሉን ያክማሉ፣ ከዚያ ባለቤቱን ስለ ጭነቱ ክብደትና ከጭነቱ ሥር ስለሚነጠፈው ነገር ያስረዱታል። አህያው ነገም የሚያድረው በዚያው ሰውዬ በረት ነው፤ ሰውዬው ካልተለወጠ ቁስሉ ይመለሳል። ድመትም እንዲሁ ናት።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ወደ ሥራው እንግባ። ብዙ ደግ ሰው የሚሳሳተው ምግቡ ላይ ነው። እንጀራ በወጥ አርሶ መስጠት የተለመደ ነው፤ ወጣችን ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ሁለቱም የድመትን ደም ይጎዳሉ። አንድ ቀን ቀምሳ አትሞት ይሆናል፤ በየቀኑ ስትበላው ግን ደሟ እያነሰ ትደክማለች። ወተትም እንደምናስበው አይደለም፤ ብዙዎቹን ያደጉ ድመቶች የላም ወተት ያስቀምጣቸዋል፤ የከሳችን ድመት ተቅማጥ ጨምሮ መጣል ማለት ነው። የምትፈልገው ንጹሕ ውሃና ከእንስሳ የተገኘ ምግብ ነው፤ ያለ ሥጋ መኖር ተፈጥሮዋ አይፈቅድላትም። በጾም ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ እንቁላል አለ። ዶሮ አትጾምም፤ በሁዳዴ ደግሞ ገዢው ስለሚቀንስ እንቁላል ይረክሳል። አንዱን ቀቅሎ፣ ፈርፈር አድርጎ መስጠት ነው። የጾም ዕቃችን ይነካካል የሚል ካለ ለእሷ ብቻ የሚሆን ገል ከጓሮ አይጠፋም። በፍስክ ጊዜ ደግሞ ሲታረድ የሚጣለውን ሳንባ ቀቅሎ መስጠት ይቻላል። የምታበሏትን ለባለቤቷ ንገሩ፤ ሁለት ቤት ሳይነጋገር ሲያበላ ሁለቱም "እዚያ በልታለች" ብለው የሚተዉአት ቀን ይመጣል።

ዓይኗ ያዠ እንደሆነ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃና በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል፤ ካልሻለው ባለሙያ ይየው። የወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ አብዛኛውን ጊዜ በሬና በግ ነው የሚያየው፤ ድመት ይዞ መሄድ ሰው ያስቅ ይሆናል፤ ይሳቅ። የሰው ክኒን ግን አትስጧት፤ ለእኛ ራስ ምታት የምንውጠው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። ቁንጫና ቅማል ያዛት ብላችሁም ለከብት የሚረጨውን የመዥገር መድኃኒት አታፍስሱባት፤ ገላዋን በምላሷ ስለምታጸዳ ሁሉንም ትውጠዋለች።

የአይጥ መርዝ የሚያስቀምጡ ሰዎች ሰፈሩን ያስታውቁ። ይህን ጠበቅ አድርጌ እላለሁ። የተመረዘ አይጥ የበላች ድመት አብራ ልትመረዝ ትችላለች፤ ከዚያ "ምቀኛ ገደለብኝ" የሚል ጥርጣሬ ይነሳና ሰፈር ይታመሳል። ድመት ባለበት ሰፈር መርዙ ቢቀር ይመረጣል፤ ካልቀረ ግን ሕፃንና ከብት የማይደርስበት ቦታ ይደረግ፤ የሞተው አይጥም ተለቅሞ ይቀበር።

ልጅ የሚያድነው ነገር ያልኩት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስሙ የውሻ ስለሆነ ድመት ነጻ ይመስለናል። አብዛኛው የሚተላለፈው በውሻ መሆኑ እውነት ነው፤ ያበደ ውሻ የነከሳት ድመትም ግን ይዛ ታስተላልፋለች። ተደብቃ የምትውል፣ ያለወትሮዋ የምትቆጣ፣ ለሃጯ የሚዝረከረክ፣ መዋጥ ያቃታት ድመት ካያችሁ ደግነታችሁን ከሩቅ አድርጉት፤ ልጆችን ሰብስቡ፤ ለባለቤቷና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ። በሽታው አንዴ ምልክት ካሳየ መዳኛ የለውም፤ ክትባቱ የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው። የባህል መድኃኒት ጠጥቶ፣ ጠበል ተጠምቆ ክትባቱን የተወ ሰው ለሕይወቱ ይፈራለታል፤ ጠበሉንም መጠመቅ ክትባቱንም መወጋት ይቻላል። የነከሰችውን ድመት ደግሞ በንዴት ገድላችሁ አትጣሉ፤ ተዘግታ 10 ቀን ብትታይ ጤነኛ መሆን አለመሆኗ ይታወቃል፤ ሐኪሙም ይህን ይጠይቃችኋል። ክትባቱ ግን ይህን እየጠበቀ አይዘገይም። ክትባት ለእንስሳት ሲመጣ ውሻ ብቻ ሳይሆን ድመትም ይዛችሁ ውጡ፤ ባለቤቷ መውጣት ያልቻሉ አረጋዊት ከሆኑ በእሳቸው ስም ይዛችሁላቸው ሂዱ። እርጉዝ ሴት የድመት ኩስ በእጇ አትጥረግ፤ ለፅንሱ የሚያሰጋ ተውሳክ ሊኖርበት ይችላል።

የቀረው የግልገሎቹ ነገር ነው። ድመት 6 ወር ሳይሞላት ማርገዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋም ከሁለት ወር ብዙም አያልፍም። በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ትወልድና ባለቤቱ ሲጨንቀው ግልገሎቹ በጆንያ ተቋጥረው ወንዝ ዳር ይጣላሉ። የሚጥለው ሰው ከፍቶ አይደለም፤ ሌላ መንገድ ስላልታየው ነው። መንገዱ ከመውለዷ በፊት ነው የሚጀምረው። ሆዷ ሲገፋ ካያችሁ ባለቤቷን "ስትወልድ ወሳጅ ልፈልግልዎ?" በሏቸው። በመኸር ማግስት አይጥ ያስቸገረው ገበሬ አይጠፋም፤ ገበያ ላይ ጠይቁ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሲወጣ ጠይቁ። ማኮላሸት የሚችል የእንስሳት ሐኪም ከተገኘ ደግሞ ወንዱንም ሴቷንም ከባለቤቱ ጋር ተስማምቶ ማስደረግ ሁሉንም ይገላግላል። ግልገሎቹ 8 ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው አይነጠሉ። ወሳጁ ገበሬ ፈጥኖ ደጃችሁ ቢመጣና "ያችን ዳማዋን ስጡኝ" ቢላችሁም እሺ አትበሉት፤ ሁለት በር አልፎ የእማማን ደጅ እንዲያንኳኳ ንገሩት።