ሠላሳ ጠገራ

እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ካስከፈቱም በኋላ የገጠር መንገደኛ ማደሪያው ያው የኮማሪት ቤት ነበር። ከአምቦ ወደ ሸነን የሚወጣ ሲራራ ነጋዴ ጅባት ላይ ሲመሽበት ደጃፍ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ» ይላል፤ ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር» ይባላል። ለጠጁና ለበቅሎው ገብስ ይከፍላል። ባንክ በሌለበት ገጠር ደግሞ ገንዘቡን የሚያኖረው ካሳደረችው ሴት ዘንድ ነበር። ለእኔ የዚያ ሙያ ክብሩ ከጠጁ ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

ጅባት ውስጥ ሁለት ኮማሪቶች ነበሩ፤ አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከታች መንገዱ ዳር። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲገባ አንድ ነጋዴ ለእያንዳንዳቸው ሠላሳ ጠገራ ብር በአደራ ሰጥቶ ጫካ ገባ። አርበኛው ጃገማ ኬሎ ገና በአፍላ ዕድሜያቸው ጠመንጃ ያነሱበት ጊዜ ነው።

ጣልያን ጠገራውን በሊሬ ሊተካ ተነሣ። ሰው ግን 1780 የተቀረጸበትን ብር እየደበቀ ወረቀቱን ሸሸ። የላይኛዋ ሠላሳውን ምድጃዋ ሥር ቀብራ እሳት አነደደችበት። በችግር ጊዜ የጆሮ ጉትቻዋን ሸጣ ገብስ ገዛች እንጂ ምድጃውን አልነካችም። የታችኛዋ ፈራች፤ ቤቷ ቢፈተሽ ብሩም እሷም እንዳይጠፉ ሰጋች። ስለዚህ ብሩን በሊሬ መነዘረች። ፍርሃቷን አልነቅፍባትም። ሊሬው እጇ ሲገባ ግን የብረት አልጋና መስተዋት ገዛችበት። መኮንኖች አደሩባት፣ አተረፈች፣ ያጎደለችውንም ሊሬ መልሳ ሞላች።

በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ወጣ። ነጋዴው አልተመለሰም፤ ልጁ መጣ። የላይኛዋ ጥላሸት የለበሰ ሠላሳ ጠገራ ቆጠረችለት። የታችኛዋ ዋጋው የወደቀ ሊሬ አቀረበች። ልጁ ሽማግሌ ሰበሰበ።

«ጣልያን ነው ያስመነዘረኝ» አለች።

«ይሁን» አሉ አንድ አዛውንት፣ «ጉዳቱን ከጣልያን ጋር እንካፈለው። ግን አዴ፣ ብሩ አልጋ ሆኖ ሲያተርፍልሽ የማን ብር ነበር?»

ዝም አለች። ሽማግሌዎቹ አልጋው ለልጁ ይሰጥ ብለው ፈረዱ።

ያን ጊዜ የላይኛዋ ተነሣች። «አልጋውን ከወሰዳችሁባት ዛሬ የሚመሽበት ሰው የት ሊያድር ነው? እኔ ዘንድ ቦታ የለም። እየሠራች ትክፈል፤ ዋሷ እኔ ነኝ።»

ልጁ ተስማማ። የታችኛዋ በየገበያው ቀን ጠገራ እያፈላለገች፣ አንዳንዴም የጎደላትን ከላይኛዋ እየተበደረች፣ ሠላሳውን በብር ከፈለች።