እንግዳ እስከ መቼ እንግዳ ነው?

ንባብ፦ የሐዋርያት ሥራ 6፥1-7 እና 8፥26-40

ዛሬ የምጽፍላችሁ ብዙዎቻችሁ በየድንኳኑ ስዞር የጠየቃችሁኝን ነገር ነው። የምዝገባና የወረቀት ጥያቄ አይደለም፤ እሱን የሚመልሱ ሌሎች አሉ። ጥያቄው፣ ሰው በተቀበሉት ቤት እስከ መቼ እንግዳ ይባላል? የሚል ነው። ደግሞስ ሰውን መቀበል ማለት ራሱ ምን ማለት ነው?

መጋቢት 1 ቀን ሞያሌ ላይ ሰው በተገደለ ጊዜ ልጅ ያላት ልጇን አዝላ፣ ሽማግሌው ዱላውን ይዞ ወደ ኬንያ በኩል ገባን። በጥቂት ቀን ውስጥ በሺዎች ሆንን። ሞያሌ መቼም ስሟ አንድ ነው፤ መንግሥቷ ነው ሁለት። በዚህ በኩል ያሉት ብዙዎቹ ቋንቋችንን ያውቃሉ፣ የሥጋ ዘመድ ያገኘም አለ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በሩን ከፈተልን። ከነሱ መካከል እሁድ እሁድ አብረናቸው የምንጸልየው አንግሊካኖቹ ናቸው። (በሌላ አገር ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን የሚሏት ይቺው ናት፤ ቤተሰቡ አንድ ነው።) ወንበር ለቀውልናል፣ ስማችንን ጠይቀዋል፣ ለሞቱብን አልቅሰዋል። እግዚአብሔር ብድራታቸውን ይክፈል።

አሁን ሚያዝያ ነው፤ ዝናቡ ሸራችንን ቢያስጨንቀውም ምድሩ አረንጓዴ ሆኗል። ቦረናዎች ይህን ወቅት ገና ይሉታል፤ የልደቱ ገና እንዳይመስላችሁ፣ ትልቁን ዝናብ ማለታቸው ነው። በዚህ ዝናብ መካከል በአንድ ደግ ቤት የተጠጉ እናት እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ምንም አልጎደለብኝም። ግን መጥረጊያ ባነሳ ይቀሙኛል፣ ጀሪካን ባነሳ ይቀሙኛል። አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ቁጭ በይ ይሉኛል። እኔ እኮ ቁጭ ማለት ደከመኝ።»

እኚህን እናት አመስጋኝ አይደሉም እንዳትሏቸው። እኔ የተናገሩት ትልቅ ነገር ይመስለኛል። እስቲ ምዕራፍ 6ን ተመልከቱ። በኢየሩሳሌም ያለችው የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን ሁሉን ትቀበል ነበር፤ ሰው ሲበዛ ግን ማጉረምረም መጣ። የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት መበለቶች በየዕለቱ እህል ሲታደል ይረሱ ነበር። ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ይህን ለመረዳት ሰባኪ አያስፈልገውም! ስሙ ሳይጠራ እህሉ ሲያልቅ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ሐዋርያት ታዲያ ምን አደረጉ? «ታገሱ፣ እንግዶች ናችሁ» ብለው ዝም አላሰኟቸውም። ሰባት ሰዎች ይመረጡ አሉ። የሰባቱን ስም አንድ በአንድ አንብቡት፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስም ነው። የመጨረሻውማ በትውልዱ አይሁዳዊ እንኳ አይደለም፣ ከአንጾኪያ መጥቶ ወደ ይሁዲነት የገባ ነው። እንግዲህ ተረሳን ያለው ወገን የእህሉን ማዕድ በኃላፊነት ተረከበ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ አንድ ቁና ጨምራ ብትሰጣቸው ኖሮ ማጉረምረሙ ለአንድ ሳምንት ጸጥ ይል ነበር፤ እነሱ ግን እዚያው እንግዳ ሆነው ይቀሩ ነበር።

ከሰባቱ አንዱ ፊልጶስ ነው። ሁለት ምዕራፍ አልፋችሁ ሂዱ፤ በጋዛ መንገድ ላይ ማንን እንዳገኘ ታያላችሁ። የእኛን የኢትዮጵያውን ጃንደረባ ነው። ይህ ሰው ሊሰግድ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ኢየሩሳሌም ሄዶ ነበር፤ በኦሪት ዘዳግም 23 ሕግ ግን ጃንደረባ ወደ ጉባኤ አይገባም። የያዘው ደግሞ የኢሳይያስን መጽሐፍ ነው፤ ባዕዱና ጃንደረባው በእግዚአብሔር ቤት ስፍራ እንዳላቸው ያው ኢሳይያስ በ56ኛው ምዕራፍ ይናገራል። ውኃ ሲያይ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ፊልጶስ አብሮት ውኃው ውስጥ ወረደ። ዳር መቆም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ ዳር የቆመውን ለማስገባት ብዙ ስብሰባ አላስፈለገውም።

አንድ ወንድም ግን ተቃወመኝ። «እንዲህ ከሆነ፣ ያልሠራ አይቀበሉትም ልትል ነው? ሕመምተኛውስ? ዓይኑ የጠፋውስ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከዱቡሉቅ በኩል የመጣችሁ ቱላን ታውቃላችሁ፤ ከዘጠኙ የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች አንዱ እዚያ ነው። ውኃው የሚወጣው ሰው ከሥር እስከ ላይ ተደርድሮ፣ እየዘፈነ፣ እጅ ለእጅ ሲቀባበል ነው። በዚያ መሰላል ላይ መቆም የማይችል ሽማግሌ ይጠማል? አይጠማም። አፉ ላይ ያቀርቡለታል፣ እሱም ይመርቃል፤ ምርቃቱንም ከውኃው አሳንሶ የሚያየው የለም። ስለዚህ ሥራ የመግቢያ ዋጋ ነው አላልኩም። ሰው የሚሰጠው ነገር እንዳለው አምኖ መጠየቅ ግን ግድ ነው። ተቀበል ብቻ የሚባል ሰው ቀስ በቀስ ዕቃ ይሆናል።

በፋሲካ ያየነውን ላስታውሳችሁ። የኬንያ ወንድሞች ትንሣኤን ያከበሩት መጋቢት 23 ነው፣ የእኛ ደግሞ መጋቢት 30። በእነሱ ቀን ሲጠሩን ግማሻችን ገና ጾም ላይ ነበርን። አንዳንዱ ሄዶ በላ፣ አንዳንዱ ሄዶ ሳይበላ ተቀመጠ፣ አንዳንዱ ቀረ፤ ጥቂት ክፉ ቃልም ተሰማ። ጳውሎስ በሮሜ 14 አንዱን ቀን ከሌላው የሚለይ ለጌታ ብሎ እንደሚለይ ይናገራል፣ እኔ የምጨምረው የለኝም። በሳምንቱ ግን እነሱ ወደ እኛ ሸራ መጡ። እኛ ያለን ሻይ ብቻ ነበር፣ ስኒውም አልበቃ ብሎ በፈረቃ ጠጣን። እነዚያ የተቀሙ እናት ያን ዕለት ማንም አልቀማቸውም፤ ሲቀዱ ፊታቸውን ብታዩት! በእኔ አስተያየት ከወንበሩም ከብርድ ልብሱም ይልቅ አንድ ቤተሰብ ያደረገን የዚያን ቀን ሻይ ነው።

ደግሞ የአምልኳቸውን መዝጊያ ልብ ብላችሁታል? ሕዝቡ ሁሉ እጁን ወደ መስቀሉ እየወረወረ ችግሩን ወደዚያ ይልካል፣ በመጨረሻም እጁን ወደ ሰማይ ያነሳል። ይህ ሥርዓት የኬንያ አንግሊካኖች በ1989 በፈረንጆች አቆጣጠር ባወጡት የቁርባን አምልኮ የገባ ነው፤ ከእንግሊዝ የመጣ እንዳይመስላችሁ፣ የተወሰደው ከቱርካናዎች የጥንት ልማድ ነው። ከዚሁ ከሰሜኑ በረሃ፣ ሌላው ኋላ ቀር ከሚላቸው ከብት አርቢዎች። ያመጡት ነገር እስከ ጌታ ማዕድ ድረስ ገባ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን። የተቀበሉንን ስንመዝን ቆይተናል፤ እኛስ? በአንድ ሸራ ሥር ቦረናው፣ ቡርጂው፣ ገሪው፣ ኮንሶው፣ አማራው አለ። ይህ ወረቀት በአማርኛ ነው፤ አጠገብህ ያለው ሰው ላያነበው ይችላል። በጸሎታችን ጊዜ በር ላይ ቆመው የሚቀሩት ሁልጊዜ እነማን ናቸው? ደግሞ በአገራችን በጋምቤላ የዚችው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ጉባኤዎች አሉ፤ ብዙ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ይጸልዩባቸዋል። እዚያ የቤቱ ባለቤት የእኛ አገር ነው። ስደት ሳይደርስብን በፊት እነዚያን ሰዎች በምን ስም እንጠራቸው እንደነበር እያንዳንዳችን እናውቀዋለን።

የፊታችን እሁድ ምንባቡ በአማርኛና በኦሮምኛ ይነበባል። ኦሮምኛ አጥርቶ የሚያነብ ሰው ስላስፈለገን፣ በተለይ እስከ ዛሬ በር ላይ የቆማችሁ፣ እስከ ዓርብ ንገሩኝ። ጸሎቱን የሚከፍቱት ዓይናቸው የጠፋው አባት ናቸው፤ ጠይቄያቸው እሺ ብለዋል። ሻዩን እነዚያው እናት ያፈላሉ። ስኒ ያለው ስኒውን ይዞ ይምጣ።