ያልታወቀ አስካሪ

«በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ።» የጦርነት ፊልም ሲጀምር ጥቁሩ ስክሪን ላይ ይህች ጽሑፍ ብቅ ስትል ብዙዎቻችን ቀና ብለን እንቀመጣለን። ከዚያ በኋላ የምናየው ተዋናይ መሆኑን እያወቅን እንኳ ምስክር የምንሰማ ይመስለናል። እኔን ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ለገዛው መንግሥት ብሎ ሌላ ሕዝብ ላይ የተኮሰ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ ሁለቱም ወገን የረሳው ወታደር አለ። እሱ ፊልም ላይ ሲመጣ «እኔ ሚዛናዊ ነኝ» የሚለው ካሜራ ምን እያደረገ ነው?

ጥያቄው የሩቅ አገር አይደለም። የምኖረው ቡራዩ ነው። ከአዲስ አበባ በቡራዩ በኩል ወደ አምቦ፣ በሰበታ በኩል ወደ ጅማ፣ በሱሉልታ በኩል ወደ ፍቼና ጎጃም ይወጣል። በአምስቱ የወረራ ዓመታት የጣሊያን ጦር አርበኛ ፍለጋ የሚወጣው በነዚሁ በሮች ነበር። ያ ጦር ደግሞ ነጭ ብቻ አልነበረም። ኤርትራዊ ነበረበት፣ ሶማሌ ነበረበት፣ ሊቢያዊ ነበረበት፣ ከዚሁ ከመሃል አገር የተቀጠረም ነበረበት። ዛሬ ስድብ ያደረግነው «ባንዳ» የሚለው ቃል ራሱ ያኔ የጦር ክፍል ስም ነው፤ ጣሊያኖች ከአገሬው ሰው ያደራጁትን መደበኛ ያልሆነ ጦር የሚጠሩበት።

ከሱሉልታ መንገዱን ይዞ ወደ ሰሜን የሄደ ሰው ደብረ ሊባኖስ ይደርሳል። በግንቦት 1929 ዓ.ም.፣ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ ከሦስት ወር በኋላ፣ በተክለ ሃይማኖት በዓል ሰሞን መነኮሳትና ምእመናን እዚያ ተይዘው ተጨፈጨፉ። ግራዚያኒ ለሮም በላከው ቴሌግራም የተገደሉትን መነኮሳት 297 አላቸው፤ ጭፍጨፋውን ለዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል ግን የሟቾቹን ቁጥር ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሰዋል። ትእዛዙ የጣሊያን ነው፤ የመራው ጄኔራል ማሌቲም ጣሊያናዊ ነው። ለመተኮሱ ግን የሙስሊም ቅኝ ወታደሮች ተመረጡ፤ ክርስቲያኑ አስካሪ መነኩሴ ላይ አልተኩስም ሊል ይችላል የሚል ስሌት ነበር። የሰዎቹ ሃይማኖት እንደ ጠመንጃ ሥራ ላይ ዋለ።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ግራዚያኒ እኛ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሊቢያ ነበር። የሲሬናይካን ሕዝብ ከየቀዬው ነቅሎ በረሃ ካምፖች ውስጥ ያጎረው፣ ዑመር አል ሙኽታርም እ.አ.አ. በ1931 የተሰቀለው በሱ ዘመን ነው። ሙስጠፋ አቃድ ይህንን ታሪክ በ1981 «የበረሃው አንበሳ» ብሎ ሲሠራው፣ ጣሊያን «የሠራዊታችንን ክብር ይነካል» ብላ እንዳይታይ ከለከለች። ታዲያ ሊቢያ ውስጥ ለጣሊያን ከተዋጉት መካከል በሺዎች የሚቆጠሩ የኤርትራ አስካሪዎች ነበሩ። ገብረየሱስ ኃይሉ ስለነሱ በትግርኛ ልቦለድ የጻፈው እ.አ.አ. በ1927 ነው፤ የታተመው በ1950። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ የሊቢያ ጦር በኦጋዴን ግንባር መጣብን። ኤርትራዊው ሊቢያዊውን ሊወጋ ሄደ፣ ሊቢያዊው ኢትዮጵያዊውን ሊወጋ መጣ። ላኪው ያው አንድ ነው። ሊቢያዊው የራሱ ጀግና ፊልም አለው፣ እኛም የአርበኞቻችን ታሪክ አለን። መሃል ላይ ጠመንጃ ይዞ የሚመላለሰው ሰው ግን የትኛውም ፊልም ውስጥ ስም የለውም።

ስም ሲሰጠውስ ምን ይሆናል? የሰሜን አፍሪካን ወታደሮች የሚያሳዩ ሁለት ፊልሞችን ጎን ለጎን አስቡ። የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «ላ ቾቻራ» የወጣው በ1960 ነው፤ ሶፊያ ሎረን ኦስካር ያገኘችበት። እዚያ ውስጥ ለፈረንሳይ የሚዋጉት ሞሮኳውያን ፈርሶ በቆመ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እናትና ልጅ ይደፍራሉ። ነገሩ ፈጠራ አይደለም፤ በ1944 ያ አካባቢ ላይ በርካታ ሴቶች ላይ የደረሰ ነው። ወታደሮቹ ግን እንደ ጎርፍ መጥተው እንደ ጎርፍ ይሄዳሉ። የራሺድ ቡሻሬብ «ኢንዲዤን» ደግሞ በ2006 ወጣ። እዚህ ሰዒድ እናቱ አትሂድ እያለችው ይሄዳል፤ ጓደኞቹም ስም አላቸው፣ ፍቅር አላቸው፣ ቂም አላቸው። በጣሊያን ተራሮች ያልፋሉ፣ ፈረንሳይን ነፃ ያወጣሉ፣ በመጨረሻም ይረሳሉ። ተዋናዮቹ ካን ላይ ሽልማቱን በጋራ ወሰዱ። ፊልሙ ከወጣ በኋላም ፕሬዚዳንት ሺራክ ለአሥርተ ዓመታት ባለበት ቆሞ የነበረውን የ80,000 ገደማ አንጋፋ ወታደሮች ጡረታ ከፈረንሳያውያኑ ጋር እንዲስተካከል ወሰኑ።

ፊልም ይህን ያህል ማድረግ ከቻለ አይናቅም። ግን «ኢንዲዤን» በጣሊያን ሲያልፍ የዴ ሲካን እናትና ልጅ አያያቸውም። የዴ ሲካ ካሜራም የሰዒድን እናት አያውቃትም። ሁለቱም እውነት ይዘዋል፣ ሁለቱም ግማሹን ትተዋል። የሚገርመኝ በአንድ ነገር መስማማታቸው ነው፦ ወታደሩ ምርጫ አልነበረውም። በአንደኛው ተፈጥሮው ነው፣ በሌላኛው ዕጣ ፈንታው።

«እኛ ጋ እኮ ማስረጃው ራሱ አለ፣ የተቀረጸ ምስል አለ» የሚል ይኖራል። አለ። የጣሊያኑ ሉቼ ኢንስቲትዩት በወረራው ዘመን ብዙ ቀርጿል፤ ዛሬ ዩቲዩብ ላይ የምናያቸው ዶክመንተሪዎች ምስላቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው ከዚያ ነው። ግን ካሜራውን የተከለው ማን ነው? ወራሪው። አስካሪው በሰልፍ ሲያልፍ፣ ሰላምታ ሲሰጥ፣ ሲስቅ ይታያል። ፊት አለው፣ ድምፅ የለውም። ያኔ የጣሊያን ተራኪ «ታማኝ ወታደራችን» አለው። ዛሬ እኛ ከሥሩ የክራር ሙዚቃ አስገብተን «ባንዳ» እንለዋለን። ምስሉ አልተነካም፣ እውነተኛ ነው። የተቀየረው ፍርዱ ነው፤ ሰውየው ግን አሁንም አፉን አልከፈተም።

ሰበታ ያደገ ጓደኛ አለኝ። የአያቱ አባት ለጣሊያን ያገለግል ነበር ይባላል። «ይባላል» የምለው ቤታቸው ውስጥ በግልጽ ስለማይወራ ነው። አንድ ቀን እንዲህ ዓይነት ዶክመንተሪ አብረን እያየን ሰልፈኞቹ ሲመጡ ቪዲዮውን አቆመውና ፊታቸውን አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። ምን እንደሚፈልግ አልጠየቅኩትም። ሌላ ጎረቤት አለን ደግሞ፣ በዚያው ዘመን ቤተሰቡ ያለቀበት። ለሱ «አስካሪውም እኮ ሰው ነው» ብለው በደንብ ይቆጣል፤ ቢቆጣም አልፈርድበትም።

ታዲያ ባንዳን ልናጥበው ነው? አይደለም። ማስታወስና ይቅር ማለት አንድ አይደሉም። ይቅር ማለት ካለም የተበደለው ሰው ድርሻ ነው፤ ዳይሬክተር ሊያከፋፍለው አይችልም። እኔ የምለው ሰውየውን ለመክሰስም መጀመሪያ ሰው ማድረግ ያስፈልጋል ነው። ደግሞም ምርጫ ነበር። ከጣሊያን ጦር ከድተው ከአርበኞች ጋር የተሰለፉ ኤርትራውያን ነበሩ። ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ኤርትራውያን ናቸው፤ አብርሃ እንዲያውም እዚያው ጣሊያኖቹ ቢሮ ይሠራ ነበር። ስለዚህ «ምን ያድርግ፣ ተገዶ ነው» የሚለው ፊልም ለአስካሪው የሚያዝን ይመስላል እንጂ፣ የከዱትን ሰዎች ድፍረት ዋጋ ያሳጣል። «ድሮም ከሃዲ ነው» የሚለውም ረሃቡን፣ ደመወዙንና ዱላውን ይሰርዛል።

ይህ ጥያቄ ድላችን ውስጥም ገብቶ ይጠብቀናል። አድዋ ላይ የተማረኩ በመቶዎች የሚቆጠሩ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል፤ ነጮቹ ምርኮኞች ግን ኋላ ላይ ከነአካላቸው አገራቸው ገቡ። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር በምናያቸው ዝግጅቶች ላይ ይህ ሲነሳ እምብዛም አልሰማሁም። ቢነሳ አድዋ ያንሳል? አይመስለኝም። በ1933 ዓ.ም. «እንግሊዝ አገዘን» የምንለውም እንደዚሁ ነው፤ እንግሊዝ የምንለው ጦር ውስጥ ሕንዳዊው፣ ሱዳናዊው፣ ናይጄሪያዊው፣ ኬንያዊው ነበሩ። ከረን ላይ ተገዢው ሕንዳዊና ተገዢው ኤርትራዊ ለሁለት ጌቶች ተዋደቁ። ከረን ያለው የጣሊያኖች መካነ መቃብር ውስጥ ብዙዎቹ መቃብሮች ላይ የተጻፈው «ያልታወቀ አስካሪ» የሚል ነው።

ኃይሌ ገሪማ በ1999 «አድዋ»ን ሲሠራ ገለልተኛ ነኝ አላለም፤ የድሉ ልጅ ሆኖ ነው የተረከልን። ይህ ለኔ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ከሚለው ጽሑፍ የበለጠ ታማኝነት ነው። ከየት ሆኖ እንደሚያይ የነገረኝን ሰው ልከራከረው እችላለሁ። የትም አልቆምኩም የሚለኝን ግን በየት በኩል እይዘዋለሁ?

አንድ ፊልም ቢሠራ ብዬ የምመኘው ውጊያውን አይደለም። ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙ የተመዘገበበትን ጠዋት ነው፦ ማን አብሮት ተሰልፎ ነበር፣ ማን ከሰልፉ ወጥቶ ሄደ፣ እሱ ለምን ቀረ። ከዚያ ደግሞ የተኮሰባቸውን ሰዎች በስማቸው ያሳየኝ። ጓደኛዬ ያንን ፊልም እስከ መጨረሻው ማየት ይችል እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። እሱና ጎረቤታችን አንድ ላይ ቁጭ ብለው ሊያዩት የሚችሉት ፊልም ካለ ግን ያ ይመስለኛል።