«ስንት ልክፈልሽ፣ ልጄ?»

የእስራኤሏ ከተማ አሽዶድ ሰፈሮቿን በዕብራይስጥ ፊደል ትጠራለች። ሮቫ ሰፈር ነው፤ ቫቭ ደግሞ ስድስተኛው ፊደል። አቡጊዳ የቆጠረ ሰው የእኛው «ወ» መሆኑን ወዲያው ያውቃል። በግዕዝም በዕብራይስጥም ከቃል ፊት ስትገባ «እና» ማለት ናት፤ ሥራዋ ማያያዝ ነው።

ከሮቫ ቫቭ የምትመጣ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ እናስብ። ኢሪያው፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ፣ በሳምንት ለጥቂት ሰዓታት ቀጥሯታል። ከጎንደር የመጡ አንዲት እናት የአርኖና ደብዳቤ ይዘው ይገባሉ። ልጅቱ የቤት ግብር መሆኑን ታስረዳቸዋለች፣ የቅናሽ ማመልከቻውን ትሞላለች። እናት መቀነታቸውን መፍታት ይጀምራሉ፦

«ስንት ልክፈልሽ፣ ልጄ?»

«ተከፍሎኛል፣ እማማ።»

እማማ ትንሽ ቅር ይላቸዋል። ለጽድቅ የመሰላቸው ነገር ለካ በደሞዝ ኖሯል።

ቅሬታቸው ተራ አይደለም። ባደጉበት አገር ሽማግሌ ለእርቅ ሲቀመጥ ደሞዝ የለውም፤ ደቦ የጠራም ጠላና እንጀራ ያቀርባል እንጂ ገንዘብ አይቆጥርም። ነገር ግን ነጻ ነበር ማለት ይከብዳል። ወንፈል ዛሬ የተቀበሉትን ቀን ነገ በጉልበት የሚመልሱበት ብድር ነው። መመለስ ያልቻለ አቅመ ደካማ ደግሞ ውለታውን ተሸክሞ ይኖራል።

የአይሁድ ሊቃውንትም በዚህ ጉዳይ ብዙ ተከራክረዋል። ሚሽና ለመፍረድ ዋጋ የተቀበለ ዳኛ ፍርዱ ፈራሽ ነው ይላል። ታልሙድ ግን ቃርና የተባለውን ዳኛ ያመጣል። ይህ ሰው ኑሮው የወይን ማከማቻዎችን እያሸተተ የትኛው እንደሚቆይ መለየት ነበር። ለፍርድ ሲጠራ ያ ሥራ ይቀርበታል፤ ስለዚህ ከረቺም ከተረቺም እኩል አንዳንድ ሳንቲም በግልጽ ይቀበላል። የሚቀበለው የፍርዱን ዋጋ ሳይሆን የባከነ ጊዜውን ካሳ ነው። በኢየሩሳሌም የነበሩ አንዳንድ ዳኞች ደግሞ ከቤተ መቅደሱ ግምጃ ቤት 99 ማኔ ይከፈላቸው እንደነበር እዚያው ተጽፏል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ገንዘቡ የወጣው ከባለጉዳዩ እጅ ሳይሆን ከጋራ ሣጥን ነው።

ተማሪዋም እንደዚያው ናት። ደሞዟ የሚወጣበት ካዝና እማማ የሚከፍሉት አርኖና የሚገባበት ነው። እንግዲህ እማማ በትንሹም ቢሆን አሠሪዋ ናቸው፤ ባለመብት እንጂ ለማኝ አይደሉም። ደሞዙ በጎነቱን አረከሰው ከማለት ይልቅ እማማን ከውለታ አወጣቸው ማለት ይቀርባል። ታልሙድ ለቤተ እስራኤል አረጋውያን አዲስ ቢሆንም፣ የሠራተኛ ዋጋ እስከ ንጋት አይደር የሚለውን ትእዛዝ ከኦሪታቸው ያውቁታል። ራምባም የተባለው የአይሁድ ሊቅም በ12ኛው ክፍለ ዘመን ምጽዋትን በስምንት ደረጃ ሲከፍል ከሁሉ በላይ ያስቀመጠው ሰውን በሥራ ወይም በሽርክና ማቋቋምን ነው።

ተማሪን ለአገልግሎት ማሰማራት በኢትዮጵያም ተሞክሯል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ባስጀመረው አገልግሎት ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይወጡ ነበር፤ አብዛኞቹ አስተማሩ። ዲግሪ ለማግኘት ግዴታ ስለነበር ብዙዎች አጉረምርመዋል። በእስራኤል በ1974 የተጀመረው ፔራህ ደግሞ ልጆችን ለሚረዱ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያቸውን በከፊል ይሸፍናል። ለክፍያ ብሎ የመጣ ተማሪ ልጁን ሊወድ ይችላል፤ በፈቃዱ የመጣም ሊሰለች ይችላል። ልብን የሚለካ የደሞዝ ደረሰኝ የለም።

የሚቸግረው ሌላ ቦታ ነው። በሳምንቱ እማማ በፌስታል ትኩስ ዳቦ ይዘው ይመለሳሉ። ሽሙኤል የተባለው የታልሙድ ሊቅ ከጀልባ ሲወርድ እጁን ይዞ የደገፈውን ሰው፣ ባለጉዳይ መሆኑን ሲሰማ፣ ዳኛህ መሆን አልችልም ብሎታል። ልጅቱ ይህን ብታውቅም እንኳ የእናትን ዳቦ መመለስ ነውር ነው። ቆርሳ በወረፋ ለተቀመጡት ታድላለች፤ እማማም ከፊቷ ቆመው፣ «አንቺስ?» ይሏታል።